ልጄ አይወደኝም ማለት ነው?

ደብዳቤው፦

«እንደምን ከረሙ? የ16 ዓመት ወንድ ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው ገርጂ ነው። ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረኝ በ5 ዓመቱ ነው። ይናገራል፣ ይማራል፣ ሒሳብ ላይ እንዲያውም ጎበዝ ነው። ሰው ግን አይፈልግም። እንግዳ ሲመጣ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል። ቡና ላይ ጎረቤቴ ‹ና ሳመኝ› ስትለው እንደ ግድግዳ ይሆንባታል። 7 እና 8 ዓመት ሳለ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ዳር እየሄደ ይቆም ነበር። እየሳቁበት ሲያባርሩት እሱንም ተወው። አሁን ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው። በረንዳ ላይ ቆሞ ድሪምላይነሩን ከኤርባሱ በድምፁ ይለያል። እኔ ከሥራ ሳመሽ እዚያው በረንዳ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ አገኘዋለሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ ግን ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አንጎል የሰው ፈገግታ ሲያይ ደስታ አይሰማውም፣ በኤምአርአይ ታይቷል ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። 16 ዓመት ሙሉ ስስመው ምንም አልተሰማውም ማለት ነው? አማቴ ደግሞ ‹ሥራ ሥራ እያልሽ ሳታቅፊው ስላደገ ነው› ትለኛለች። ወንድሜ ኦክሲቶሲን የሚባል በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ልላክልሽ ወይ ብሎኛል። ሰው መሀል በግድ ላስገባው ወይስ ልተወው? እናቱ፣ ከገርጂ»

መልስ፦

እህቴ፣ አንቱታውን ትቼ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ እርሳስ አንስቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አሰመርኩበት። ስለ ኤምአርአይ የጻፍሽውን አይደለም፣ ስለ በረንዳው የጻፍሽውን ነው። እመለስበታለሁ። አስቀድመን እንቅልፍ የነሳሽን ጽሑፍ እንየው።

ወንድምሽ የላከልሽ ነገር ውሸት አይደለም። ጎዶሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሕጻን ከጨቅላነቱ ጀምሮ የሰው ፊት ይስበዋል። ትስቂለታለሽ፣ ይስቃል። ደስ ስላለው ይደግመዋል። እንዲህ ሲደጋግም ፊት ማንበብን፣ የድምፅ ቃና መለየትን፣ ቀልድና ቁጣ መለየትን ይማራል። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። ሳይንቲስቶቹ ይህን መሳብ «ማኅበራዊ ተነሳሽነት» ይሉታል። በ2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ኮራሊ ሼቫሊየ የምትባል ፈረንሳዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ይህንን ከኦቲዝም ጋር አያይዛ ሰፊ ጽሑፍ አወጣች። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ኦቲዝም ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከችሎታው ሳይሆን ከመሳቡ ነው የሚል ነው። የሰው ፊት ብዙም ካልሳበው ብዙም አያየውም። ካላየው አይለማመድም። ካልተለማመደ ደግሞ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሐሳቡ ለብዙዎች ጥሩ መስሎ ታያቸው። ለመፈተሽም አመቺ ነበር፣ ምክንያቱም አንጎላችን ውስጥ «ይሄ ደስ ይላል፣ ድገመው» የሚል መስመር እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል። ከመስመሩ ዋና ጣቢያዎች አንዱ ቬንትራል ስትራያተም የሚባል፣ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለ ክፍል ነው። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እዚያ ትልቅ ሚና አለው። በጾም መፍቻ ቀን የዶሮ ወጥ ሽታ ከጎረቤት ሲመጣ ልብሽ የሚነሳው በዚያው መስመር ነው።

ታዲያ እንዴት ይለኩታል? ልጁን ኤምአርአይ ውስጥ ያስተኙታል። ጠባብ ቱቦ ነው፣ ሲሠራ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚቀጠቅጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ስክሪን ላይ ምልክት ብልጭ ሲል ልጁ ቶሎ ብሎ ቁልፍ ይጫናል። ከፈጠነ ይሸለማል፣ አንዳንዴ የሚስቅ ሰው ፎቶ፣ አንዳንዴ ገንዘብ። በዚያች ቅጽበት ደሙ ወደየትኛው የአንጎል ክፍል እንደበዛ ማሽኑ ይመዘግባል። ያ በቀይና በቢጫ ቀለም የምታዪው ምስል የደም ዝውውር ለውጥ ነው። ፍቅር የሚለካበት ሜትር አይደለም።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዳንዶቹ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚስቅ ፊት ሲሸለሙ ይህ ክፍል ከሌሎች ልጆች ያነሰ እንቅስቃሴ ያሳያል አሉ። የወንድምሽ ጽሑፍ እዚህ ጋ ነው ያቆመው። ታሪኩ ግን ይቀጥላል።

በ2018 ተመራማሪዎች 13 ያህል እንዲህ ዓይነት የአንጎል ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ መዘኗቸው። ልዩነቱ በሰው ፊት ላይ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ ሲሸለሙም የአንጎሉ ምላሽ ከሌሎቹ ይለይ ነበር። ስለዚህ «ሰው አይወዱም» የሚለው አባባል አይበቃም፣ ነገሩ ሽልማትን በጠቅላላ የሚመለከት ነው። ሌላም ነገር አገኙ፣ እኔ በጣም የምወደው። ልጆቹ ራሳቸው የሚወዱትን ነገር ሲያዩ ያ መስመር ከሌሎች ልጆች በላይ ሞቅ ብሎ ሠራ። የአንዱ ባቡር ሊሆን ይችላል፣ የአንዱ ዳይኖሰር። ያንቺ ልጅ አንጎል ደስታ የማያውቅ አንጎል አይደለም። ድሪምላይነሩ በጣራችሁ ላይ ሲያልፍ አንጎሉን በኤምአርአይ ብናየው የሆነውን እናይ ነበር።

ሌላም ጎዶሎ አለው። እንዲህ ያለው ጥናት የሚነግርሽ የቡድን አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ስለ አንድ ልጅ ብዙ አይናገርም። ገርጂ ላይ በአማካይ ስንት ሰዓት ዝናብ እንደሚዘንብ ብነግርሽ፣ ዛሬ ከሰዓት ዣንጥላ ያዢ አትያዢ ልነግርሽ አልችልም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ስክሪኑ ላይ የሚስቀው ሰው ማን ነው? ልጁ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ፎቶ ነው። የማላውቀው ሰው በፎቶ ቢስቅልኝ እኔም እንጃ። አንቺ ፎቶ አይደለሽም። 16 ዓመት ሙሉ እንቁላሉን እሱ በሚፈልገው መንገድ የጠበስሽለት ሴት ነሽ።

ስለ እናት ድምፅም ጥናት አለ፣ ላንቺ የሚጠቅም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አንጎል ውስጥ የሰው ድምፅ የሚለየው ክፍልና ያ የደስታ መስመር የተገናኙበት ገመድ ላላ ያለ መሆኑን አሳዩ። ላላ ያለ፣ የተቆረጠ አይደለም። በ2022 ደግሞ እዚያው ስታንፎርድ ኦቲዝም የሌለባቸውን ልጆችና ጎረምሶች አነጻጸሩ። ትንንሾቹ የእናታቸውን ድምፅ ሲሰሙ የደስታው መስመር ይነሳል። ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፣ የማያውቁት ሰው ድምፅ ከእናታቸው ድምፅ በልጦ ይስባቸዋል። ጎረምሳ «እሺ እማ፣ ሰማሁ» ብሎ በር ሲዘጋብሽ አንጎሉም አብሮት በር እየዘጋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅሽ ሳይስምሽ ክፍሉ ሲገባ፣ ሁሉንም በኦቲዝም አታሳብቢ። የጎረቤትሽን ጎረምሳ እናት ጠይቂያት። እሷም የምትነግርሽ አላት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፣ አያስደስተኝም ግን ልናገር። የዛሬ 20 ዓመት ግድም ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ አስተምር ነበር። አንድ የ9 ዓመት ልጅ ነበረኝ። መጽሔት ላይ ያነበብኩትን ይዤ አገጩን በእጄ ቀና እያደረግኩ «ዓይኔን እያየህ አናግረኝ» እለው ነበር። ሲያየኝ ከረሜላ እሰጠዋለሁ። አንድ ቀን አገጩን ስይዘው ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ወረደ። ከረሜላውንም አልወሰደም። ያኔ እልኸኛ ነው ብዬ አለፍኩት።

እልኸኛ አልነበረም። በ2017 ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የፊት ምስል አሳዩአቸው። ዓይን ዓይኑን ብቻ እንዲያዩ ሲደረጉ፣ ጥልቁ የአንጎል ክፍል፣ አደጋን የሚጠብቀው አሚግዳላ የሚባለው ጭምር፣ ከሌሎቹ ሰዎች ይልቅ ከልክ በላይ ተነሳ። ዓይን ለማያየው ልጅ ዓይን ባዶ ነገር አይደለም። የበዛ ነገር ነው። አንቺ ፀሐይን በቀጥታ የማታዪው ስለማትወጃት ነው?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ልጅ ታላቁን አፍጥጦ ሲያይ «ዓይን አውጣ» ነበር የሚባለው። አቀርቅሮ የሚመልስ ልጅ ጨዋ ነው። የኦቲዝም መለያ ዝርዝሩ ከውጭ ሲመጣ ግን «ዓይን ለዓይን አያይም» የሚለው አብሮ መጣ፣ እናቶችም ልጃቸውን ዓይን ማየት ሊያስተምሩ ተነሱ። አያቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አስቢው።

በ2019 ቪክራም ጃስዋልና ናሚራ አክታር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን ጉዳይ በደንብ ጻፉበት። ነጥባቸው ቀላል ነው፦ ሰው የማይፈልግ መምሰልና ሰው አለመፈለግ ይለያያሉ። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው የጻፉትንና የተናገሩትን ሰበሰቡ። ብዙዎቹ ጓደኛ ይፈልጋሉ፣ ብቸኝነት ያማቸዋል። ዓይን አለማየቱ፣ መወዛወዙ፣ የሰሙትን ቃል መደጋገሙ ሌላ ምክንያት አለው። አንዳንዱ ራስን ለማረጋጋት ነው፣ አንዳንዱ ሰውነት አልታዘዝ ሲል ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ለመቅረብ የሚደረግ ሙከራ ነው። እውነቱን ለመናገር የሼቫሊየ ወገንና የእነዚህ የሁለቱ ወገን እስካሁን ይከራከራሉ። እኔ ግን ልጅሽን ሳስብ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ፣ ምክንያቱም ማስረጃው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ።

በረንዳው።

ስትዘገዪ ይቆማል አልሽ። እንደ ዘበኛ አልሽ። ስትገቢ ይሄዳል አልሽ። እህቴ፣ ሰው የማይፈልግ ልጅ ለምን ብሎ በረንዳ ላይ ይቆማል? ስትመጪ ለምን ያቆማል? የሚጠብቀው ነገር እስኪመጣ ጠበቀ፣ መጣ፣ ጨረሰ። አንቺ ሰላምታውን ፈልገሽ መጠበቁን አላየሽውም። «እንኳን ደህና መጣሽ» ማለት ለእሱ ሥራ ነው፦ ፊትሽን ማንበብ አለበት፣ ቃል መምረጥ አለበት፣ መሳም አለበት፣ ሽቶሽን፣ ታክሲ ውስጥ የያዘሽን አቧራ መቻል አለበት። መጠበቁ ግን ነፃ ነው። ስለዚህ በሚችለው ከፈለ።

የአንጎል ተመራማሪዎች መፈለግ፣ መደሰትና ለዚያ የሚከፈለው ዋጋ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላሉ። ያንቺን ልጅ በዚህ ብታዪው ብዙ ነገር ይገለጥልሻል። ኳስ ሜዳ ዳር የቆመው የ7 ዓመት ልጅ ፈላጊ ነበር። ሳቁበት፣ አባረሩት። ደግሞ ሄደ፣ ደግመው አባረሩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ማንም ልጅ፣ ኦቲዝም ኖረበት አልኖረበት፣ ሲቀርብ ሁሉ የሚቆነጠጥ ከሆነ መቅረቡን ይተዋል። ያኔ ሄደን አንጎሉን በኤምአርአይ ብናየው «ተነሳሽነቱ ዝቅተኛ ነው» ልንል እንችላለን። ዝቅ ያለው ግን ሲወለድ ነው ወይስ ሜዳው ዳር? ይህን ኤምአርአዩ አይነግረንም።

ስለ አማትሽ አጭር ነገር። ክፉ ሴት ናቸው አልልም፣ እሳቸውም የልጅ ልጃቸው ነገር ቸግሯቸው ነው። የሚሉት ግን አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ትልልቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ የሚሉት ነገር ነበር። «የቀዘቀዘች እናት» ነው ልጁን ያበላሸችው ይባል ነበር፣ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው መጽሐፍ ሁሉ ጻፈበት። ስንት እናት በዚያ አነባች። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የሚባል፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያለው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር ነው ብሎ ሞገታቸው፣ ጊዜም ከእሱ ጋር ሆነ። ዛሬ ኦቲዝም በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘና ከመወለድ በፊት የሚጀምር መሆኑ ይታወቃል። አንቺ ሥራ ስለሄድሽ የመጣ ነገር የለም። እንዲያውም የሥራሽ ደመወዝ ነው የትምህርት ቤቱን የሚከፍለው፣ ይሄን በትሕትና ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። ወይም ዝም ማለት ነው፣ አንዳንዴ ከአማት ጋር ይሻላል።

ኦክሲቶሲኑን ወንድምሽ አይላክ። ገንዘቡን ለሌላ ነገር ይላክልሽ። ኦክሲቶሲን ሰውን ከሰው ጋር በማስተሳሰር የሚታወቅ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። ለዚያ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የጣለበት። በ2021 ግን አሜሪካ ውስጥ ከ3 እስከ 17 ዓመት ባሉ 290 ልጆችና ወጣቶች ላይ ለ24 ሳምንት ተሞከረ። ግማሾቹ እውነተኛውን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ነበር የሚነፉት። በመጨረሻ ሲመዘን በማኅበራዊ ነገር ላይ በሁለቱ መሀል ልዩነት አልታየም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ፣ ላስገድደው ወይስ ልተወው? ሁለቱንም አታድርጊ። ዋጋውን ቀንሽለት።

ቡናውን ልውሰድ፣ ምክንያቱም ብዙው ጦርነት የሚነሳው እዚያ ነው። የኛ ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ጊዜ መሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት፣ እንዴት ነህ ደህና ነህ ትምህርት እንዴት ነው እያሉ ፋታ አለመስጠት። ዕጣኑ አለ፣ ጭሱ አለ፣ አምስት ሰው በአንዴ ያወራል። ለልጅሽ ይሄ ኤምአርአዩ ቱቦ ውስጥ ከመግባት አይሻልም። ስለዚህ ከእሱ ጋር ቀድመሽ ተዋዋዪ፦ መሳም የለም። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ ጎንበስ ይላል፣ ያ በኛ ባህልም የሚያምር ሰላምታ ነው። ጎረቤትሽን ቀድመሽ በስልክ ንገሪያት፣ «ልጄ መሳም አይወድም፣ እጅ ይነሳልሻል» በያት። ከገባት ገባት፣ ካልገባት ደግሞ ለአንድ ወር ቡናውን እሷ ቤት ጠጡ።

ከዚያ ሥራ ስጪው። ፈንድሻውን እሱ ያዙር። ሥራ የያዘ ሰው ምን ላውራ ብሎ አይጨነቅም፣ እጁ ይናገርለታል። የሚቆይበትንም ሰዓት ቁረጪለት፦ አቦል ብቻ። ቶና ሲመጣ ማንንም ሳያስፈቅድ ተነስቶ ይሂድ፣ አንቺም «ምነው ቁጭ ብትል» አትበዪው። ቃልሽን አንድ ጊዜ ካፈረስሽ በሚቀጥለው አይመጣም። ሲሄድም አታሞግሺው፣ «ዛሬማ ጎበዝ፣ ከሰው ተቀመጠ» ብለሽ በሰው ፊት አታሳቅቂው። ጎረምሳ ነው እኮ።

ትልቁ በር ግን አውሮፕላኑ ነው። ብዙ ወላጅ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ በሽታ ያየዋል፣ «ይሄን አውሮፕላን ተወውና ከሰው ተጫወት» ይላል። ያ የሚሞቀው መስመር የሚሞቀው እዚያ ከሆነ ሰዉን ወደዚያ አምጪ እንጂ ልጁን ከዚያ አታውጪ። አንድ ዘመድ፣ አንድ የአክስት ልጅ፣ ስለ አውሮፕላን ግድ የሚሰጠው አንድ ሰው ፈልጊ። አንድ ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት በረንዳው ላይ አብረው ይቁሙ፣ የሚያርፉትን ይመዝግቡ። ጎን ለጎን ቆሞ ወደ ሰማይ ማየት ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት በጣም ይቀላል። ዓይን ማየት የለም፣ ርእስ ፍለጋ የለም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ርእሱን እያመጣ በጣራው ላይ ያሳልፍላቸዋል። ልጅሽ የመጀመሪያው ድሪምላይነር በ2012 አዲስ አበባ እንደገባ ሳያውቅ አይቀርም። ለዚያ ሰው ይንገረው።

ከተቻለም ያ ሰው ራሱ ኦቲዝም ያለበት ወጣት ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህን ዝም ብዬ አይደለም የምልሽ። ዴሚያን ሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት፣ በ2012 አንድ ነገር አለ፦ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። እነሱ እኛን ማንበብ ይቸግራቸዋል፣ እኛም እነሱን ማንበብ ይቸግረናል፣ ጥፋቱን ግን ለእነሱ ብቻ ነው የምንሰጠው። ከዚያ በ2020 ኤድንብራ ውስጥ በትልልቅ ሰዎች ተሞከረ። ልጅ ሆነን ወሬ በጆሮ እያቀባበልን መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ እንደሚደርስ እንጫወት አልነበር? እንደዚያ ነው። ስምንት ስምንት ሰው ተሰልፎ ታሪክ ይቀባበላል። ሰልፉ ሁሉም ኦቲዝም ያለባቸው ሲሆን ታሪኩ ኦቲዝም የሌለባቸው ሰልፍ ላይ እንደደረሰው ያህል ደረሰ። ብዙ የጠፋው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። እንግዲህ ልጅሽ «መግባባት አይችልም» ከማለትሽ በፊት ከማን ጋር የሚለውን ጠይቂ።

እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን የት አገኛለሁ ካልሽ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት ኒያ ፋውንዴሽን አለ፣ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የሚባለው የእሱ ነው። እሳቸው ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። በ2021 አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ማውራት ነውር በነበረበት ጊዜ ነው ቆመው ያወሩት። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ስላለው እዚያ ገብቶ መማር ላያስፈልገው ይችላል። አንቺ ግን ከወላጆቹ ጋር ብትተዋወቂ፣ እኩያው የሆነ ልጅ ያላት እናት አትጠፋም። ለአንቺም ቡና የሚያጠጣሽ ሰው ያስፈልግሻል፣ «ሳታቅፊው ስላደገ ነው» የማይልሽ።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ክፍሉ ቢዘጋ ተይው። ቀኑን ሙሉ እንደ ሌላው ለመምሰል ሲታገል ውሎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ትግል አድካሚ ነው። አንድ ሰዓት ጨለማ ውስጥ መቀመጡ ጥላቻ አይደለም፣ ስልክ ቻርጅ እንደማድረግ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አውሮፕላኑን ከተወ፣ በረንዳው ላይ መቆሙ ከቀረ፣ እንቅልፉ ወይ ምግቡ ከተለወጠ፣ ስለ ሞት ካወራ። ኦቲዝም ባለባቸው ጎረምሶች ላይ ጭንቀትና ድብርት ከሌሎቹ ይበዛል፣ እነሱ ደግሞ «ከፋኝ» ብለው ላይነግሩሽ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ሕክምና አለው።

«16 ዓመት ስስመው ምንም አልተሰማውም?» ላልሽው፣ ሲስሙት ምን እንደሚሰማው እሱን ጠይቂው። ይናገራል ብለሻል። ፊት ለፊት አይደለም፣ በጽሑፍ። በቴሌግራም ላኪለት፣ «ስስምህ ደስ ይልሃል ወይስ ይረብሽሃል? ሁለቱም መልስ አያስከፋኝም» በይው። ይረብሸኛል ካለ አትደንግጪ፣ ከንፈር ጉንጩ ላይ ሲያርፍ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሆንበት ልጅ አውቃለሁ፣ እናቱን ግን አንድ ቀን አይለያትም። ምን እንደሚሻለው አብራችሁ ፈልጉ። አንዳንዱ ጠበቅ ያለ እቅፍ ይወዳል፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ብቻ መዳሰስ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ስታመሺ በረንዳው ላይ ካገኘሽው «ሰላምታ የለም እንዴ?» አትበይ። «ጠበቅኸኝ፣ መጣሁ» በይውና ቦርሳሽን አስቀምጪ። ከዚያ ዛሬ ምን ምን እንዳረፈ ጠይቂው። መልሱ ረጅም ከሆነ እራቱን እያሞቅሽ ስሚው።